የመኪና ጥያቄና መልስ፦ የስፖርት መኪና በማኑዋል ወይስ በአውቶማቲክ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ በአንድነት አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ጠያቂ ያነሡት ነገር ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚፈልግ ከሁሉ የበለጠውን ቦታ ለእርሳቸው ሰጥተናል። የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለብዙ ዓመታት ስመኘው የነበረውን ትንሽ የስፖርት መኪና ለመግዛት ገንዘቤን አዘጋጅቻለሁ። ምርጫዬ ቶዮታ ጂአር86 ሲሆን፣ በዋጋ ብዙም የማይራራቁ ሁለት ያገለገሉ የ2023 ሞዴል መኪኖች አግኝቻለሁ፤ አንደኛው ባለ 6 ማርሽ ማኑዋል፣ ሌላው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። መንዳት የተማርኩት አዲስ አበባ በሚኒባስ ስለሆነ ማኑዋል አያስፈራኝም፤ አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ግን የነዳሁት አውቶማቲክ ብቻ ነው። በሥራ ቀናት ጠዋትና ማታ በ395 ሀይዌይ ላይ በመጨናነቅ እቆያለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች መውጣት እወዳለሁ። ባለቤቴ ማኑዋል አትነዳም፤ ሆኖም የራሷ መኪና አላት። አንዳንዶቹ ጓደኞቼ አውቶማቲክ የሆነ መኪና የስፖርት መኪና ሊባል አይገባውም ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ በዚህ ዘመን ፍሪሲዮን (ክላች) መርገጥ ኋላ ቀርነት ነው ይሉኛል። የትኛውን ልግዛ? በጥገና ወጪና መልሶ በመሸጥ ረገድስ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ በገለጹልኝ ሁኔታ፣ ማለትም በቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካለና ቅዳሜና እሁድ ተራራ የሚወጡ ከሆነ፣ ማኑዋሉን ይግዙ። ይህን የምለው ግን ከመጀመሪያዎቹ ጓደኞችዎ ጋር ስለምስማማ አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ማኑዋል ሁሉ አንድ ዓይነት፣ አውቶማቲክም ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ አድርገው ይከራከራሉ፤ እውነቱ ግን መልሱ ከመኪና መኪና፣ ከመንገድ መንገድ የሚለያይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ምክሬን ከነምክንያቱ ላስረዳዎት።

በቅድሚያ የፍጥነትን ነገር እንየው። ከሠላሳ ዓመት በፊት አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ማርሽ ብቻ የነበረው፣ ከሞተሩ ኃይል ከፊሉን በቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ የሚያባክንና ማርሽ ለመቀየር ጊዜ የሚወስድ ስለነበረ፣ ፈጣን መኪና የሚፈልግ ሰው ማኑዋል ይመርጥ ነበር። ይህ ሚዛን የተገለበጠው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ፖርሽ ይህን ዘዴ በ1980ዎቹ በ956 እና በ962 የውድድር መኪኖቹ ላይ ሞክሮታል፤ ለሕዝብ በሚሸጥ መኪና ላይ መጀመሪያ ያቀረበው ግን ፎልክስዋገን ሲሆን፣ ጊዜውም 2003፣ መኪናውም ጎልፍ አር32 ነበር። አሠራሩ ሲታይ እጅግ ብልህ ነው፦ አንደኛው ፍሪሲዮን 1ኛን፣ 3ኛንና 5ኛን ማርሽ ይይዛል፤ ሌላው 2ኛን፣ 4ኛንና 6ኛን። መኪናው በ2ኛ እየሄደ ሳለ 3ኛው ማርሽ አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፤ መቀየር ሲያስፈልግ አንደኛው ፍሪሲዮን ሲለቅ ሌላው ይይዛል፤ በመካከል ኃይሉ አይቋረጥም። የትኛውም የሰው እግርና እጅ ይህን ያህል ሊፈጥን አይችልም። በ2021 የወጣው ፖርሽ 911 ጂቲ3 ከ0 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ በማኑዋል 3.9 ሰከንድ፣ በባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ 3.4 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ይሁንና እርስዎ የመረጡት መኪና ከዚህ የተለየ ነው። የጂአር86 አውቶማቲክ ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ሳይሆን የተለመደው የቶርክ ኮንቨርተር ዓይነት ነው፤ የማርሾቹ ምጣኔም ከፍጥነት ይልቅ ለነዳጅ ቁጠባ ያደላ ነው። ቶዮታ ራሱ ለአሜሪካ ገበያ እንዳስታወቀው፣ መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 60 ማይል ለመድረስ በማኑዋል 6.1 ሰከንድ፣ በአውቶማቲክ 6.6 ሰከንድ ይወስድበታል። ስለዚህ «አውቶማቲክ ይፈጥናል» የሚለው አጠቃላይ አባባል እርስዎ በሚገዙት መኪና ላይ አይሠራም። በዚያው በቶዮታ ቤት ታላቅ ወንድሙን ጂአር ሱፕራን ብንወስድ ደግሞ፣ ባለ 3 ሊትር ሞተሩ መኪና በ8 ማርሽ አውቶማቲክ 3.9፣ በማኑዋል 4.2 ሰከንድ ይወስድበታል። እንግዲህ «የትኛው ይፈጥናል?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአንድ ፋብሪካ መኪኖች መካከል እንኳ የሚለያይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በእኔ እምነት ማኑዋል ዋጋ የሚኖረው የሞተሩን አቅም በሕጋዊ መንገድ ላይ እስከ መጨረሻው መጠቀም በሚቻልበት መኪና ላይ ነው። የጂአር86 ሞተር 228 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በ2ኛ ማርሽ እስከ መጨረሻው ዙር ቢወስዱት የሚደርሱት በሰዓት 60 ማይል ገደማ፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ በማንኛውም ሀይዌይ መግቢያ ላይ 1ኛንና 2ኛን ሞተሩ በሚፈልገው ዙር ወስደው ወደ 3ኛ መቀየር ይችላሉ፤ ፖሊስ የሚያስቆምዎት ምክንያትም አይኖርም። በአንጻሩ ባለ 4 ሊትር ሞተሩ ፖርሽ 718 ኬይመን ጂቲ4 በ2ኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በቨርጂኒያ ከ85 ማይል፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ቅጣት ብቻ ሳይሆን በወንጀል የሚያስከስስ መሆኑን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው የማርሽ እጀታውን በትክክል የሚጠቀምበት በውድድር ጎዳና ላይ ብቻ ነው፤ በከተማ ውስጥ ግን ከ1ኛ ወደ 2ኛ ከቀየረ በኋላ ሥራው አልቋል። ስለዚህ ጉልበቱ ከ400 ወይም ከ450 የፈረስ ጉልበት የሚያልፍ መኪና ለዕለት ተዕለት ኑሮ የሚገዛ ሰው ቢያማክረኝ ጥሩ አውቶማቲክ እንዲወስድ እነግረዋለሁ፤ ጉልበቱ መጠነኛ የሆነ ቀላል መኪና ለሚገዛ ግን ማኑዋሉን።

ስለ ሸናንዶዋ ስላነሡልኝ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም የማኑዋል ጥቅም በዚያ መንገድ ላይ በግልጽ ይታያል። ስካይላይን ድራይቭ ከፍሮንት ሮያል ተነሥቶ በተራራው ጫፍ ላይ 105 ማይል የሚዘልቅ መንገድ ሲሆን፣ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት የእርስዎ መኪና በ3ኛ ማርሽ 3 ሺህ ዙር በደቂቃ አካባቢ፣ በ2ኛ ደግሞ 4 ሺህ 300 ገደማ ይዞራል። ሁለቱም ለሞተሩ ምቹ ናቸው፤ ስለዚህ ዳገቱን በ2ኛ፣ ለጥ ያለውን በ3ኛ እያሉ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በማርሽ እየያዙ መሄድ ይችላሉ። አውቶማቲኩ በተለመደው አሠራሩ ለነዳጅ ቁጠባ ሲል ከፍተኛውን ማርሽ ስለሚመርጥ በዚያው ፍጥነት በዝቅተኛ ዙር ይሄዳል፤ ከኩርባ ወጥተው ነዳጅ ሲጨምሩ ማርሽ እስኪቀንስ ድረስ አንድ አፍታ ይጠብቃሉ። ከመሪው ጀርባ ባሉት መቀየሪያዎች ራስዎ ማዘዝ እንደሚችሉ አይዘንጉ፤ ሆኖም ኩርባ በበዛበት መንገድ ላይ ያቺ አፍታ ትታወቃለች።

አንድ የማርሽ ቅነሳን በዝርዝር ላሳይዎት፤ ሚኒባስ የለመደ ሰው የስፖርት መኪና ሲይዝ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ይኸው ነውና። በ3ኛ ማርሽ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ወደ ጠባብ ኩርባ ቀረቡ እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 3 ሺህ 500 ዙር ያህል ይዞራል። በዚያው ፍጥነት 2ኛ ማርሽ ቢያስገቡ ሞተሩ ወደ 5 ሺህ ዙር መድረስ አለበት። ፍሪሲዮኑን ረግጠው 2ኛን አስገብተው ዝም ብለው ቢለቁት፣ ያን የ1 ሺህ 500 ዙር ልዩነት የሚሞላው የኋላ ጎማዎቹ ኃይል ነው፤ መኪናው ይንገጫገጫል፤ መንገዱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የኋላ ጎማው ሊያንሸራትት ይችላል። መፍትሔው ፍሪሲዮኑ እንደተረገጠ ሳለ የነዳጅ ፔዳሉን አንዴ ነካ አድርጎ ዙሩን ወደ 5 ሺህ ማንሣት፣ ከዚያም ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው። ፍሬን እየያዙ ይህን ለማድረግ የቀኝ እግርዎ ፊት ፍሬኑ ላይ እንዳለ በእግርዎ ጎን ወይም በተረከዝዎ ነዳጁን መንካት ይኖርብዎታል። ኒሳን በ2009 ሞዴል 370ዜድ ላይ ይህን ሥራ ኮምፒውተሩ እንዲሠራ አድርጎታል፤ የሱፕራ ማኑዋልም እንዲሁ ያደርጋል፤ ጂአር86 ግን ለነጂው ትቶታል። በትክክል ሲገባ ምንም ዓይነት መንቀጥቀጥ አይሰማም፤ ነጂው የሚያውቀው በድምፁ ብቻ ነው። ይህን ለመማር ሳምንታት ይፈጃል፤ ማኑዋል ለመግዛት ከሚያበቁ ምክንያቶች ሁሉ ግን በእኔ ዘንድ የሚበልጠው ይህ ነው።

በማኑዋል ብቻ የሚደርስ አንድ ከባድ አደጋም አለ። በ3ኛ ማርሽ በ7 ሺህ ዙር እየሄዱ 4ኛን አስገባለሁ ብለው በስሕተት 2ኛን ቢያስገቡና ፍሪሲዮኑን ቢለቁ፣ ሞተሩ ወደ 10 ሺህ ዙር በግድ ይነዳል። የዙር መገደቢያው ሊቆርጥ የሚችለው ነዳጅን ነው፤ ከጎማ በኩል የሚመጣውን ኃይል ማስቆም አይችልም። ውጤቱ የታጠፈ ቫልቭ ወይም የተሰበረ ሞተር ሊሆን ይችላል። በአውቶማቲክ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ቢሰጥ እንኳ ኮምፒውተሩ አይቀበለውም። ስለዚህ ያገለገለ ማኑዋል ሲገዙ የቀድሞው ባለቤት እንዴት ይነዳ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ 395 ደግሞ በቅንነት ልንገርዎት፤ በመጨናነቅ ውስጥ ማኑዋል ያደክማል። መድከሙን የሚቀንሰው ከፊት ካለው መኪና ሰፋ ያለ ክፍተት ትቶ በ1ኛ ወይም በ2ኛ ማርሽ ያለ ማቋረጥ በዝግታ መጓዝ ነው፤ በእያንዳንዱ ሜትር ቆሞ መነሣት ሳይሆን። ፍሪሲዮኑን በግማሽ ረግጦ መቆየት ግን የፍሪሲዮኑን ሸራ በሙቀት ይበላዋል፤ ሲቆሙ ባዶ ማርሽ አድርገው እግርዎን ያንሡ። ከዚህ ሌላ በእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ሊያሳስብ የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በ2022 እና በ2023 ሞዴሎች ከፊት ያለውን መኪና በካሜራ እያየ ፍጥነት የሚያስተካክለውና ግጭት ሲቀርብ በራሱ ፍሬን የሚይዘው አይሳይት የተባለው መሣሪያ የተገጠመው በአውቶማቲኩ ላይ ብቻ ነው። ማኑዋሉ ይህን ያገኘው ከ2024 ሞዴል ጀምሮ ነው። በየቀኑ በመጨናነቅ ለሚያልፍ ሰው ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ አቅምዎ ከፈቀደ ጥቂት ጨምረው የ2024 ማኑዋል እንዲፈልጉ አጥብቄ እመክራለሁ። መኪናው ለቤተሰቡ ብቸኛ መኪና ቢሆን ኖሮ ግን ምክሬ ይለወጥ ነበር፤ ባለቤትዎ ልትነዳው የማትችል መኪና ቤት ውስጥ ብቻዋን ልትቆም አይገባምና አውቶማቲኩን ይውሰዱ እል ነበር።

ስለ ጥገና ሲታይ ማኑዋል ካምቢዮ ቀለል ያለ ነው፤ የሚያልቀው ነገር የፍሪሲዮን ሸራ ሲሆን፣ በጥንቃቄ የተነዳ ከሆነ ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሲቀየር ግን ካምቢዮው መውረድ ስላለበት የእጅ ዋጋው ከፍ ይላል። ከመግዛትዎ በፊት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዱ 5ኛ ማርሽ ያስገቡና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ ፍጥነቱ ሳይጨምር ዙሩ ብቻ ከወጣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅም 2ኛና 3ኛ ማርሽ ሲገቡ የሚፋጭ ድምፅ መኖር አለመኖሩን ያዳምጡ። ለአውቶማቲክ ደግሞ ዋናው ነገር ዘይት ነው። «ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ዘይት» የሚለውን አባባል አይመኑበት፤ ለብዙ የስፖርት መኪኖች ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ የሚሠራው ዜድኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እንኳ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ዘይቱ እንዲቀየር ይመክራል።

መልሶ ስለ መሸጥ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ እውነት ናቸው። በአሜሪካ ከሚሸጡ 100 አዳዲስ መኪኖች ማኑዋል የሆኑት 2 እንኳ ስለማይሞሉ የሚገዛዎት ሰው ቁጥር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የስፖርት መኪና ፈላጊዎች መካከል ማኑዋል የሚፈልገው ሰው ጠንክሮ ይፈልጋል። ፖርሽ በ2013 ጂቲ3ን ያለ ማኑዋል አውጥቶ ነበር፤ በ2016 ማኑዋል ብቻ የሆነውን 911 አር በ991 መኪኖች ገድቦ ሲያወጣ ዋጋው ከመሸጫው እጅግ በላይ ወጣ፤ በ2017 ማኑዋሉን ወደ ጂቲ3 መለሰው። በሰዓት ቆጣሪ ያሸነፈው ካምቢዮ የገዢውን ልብ አላሸነፈም።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት እጽፍልዎታለሁ። ልጄ የመንጃ ፈቃዷን በአውቶማቲክ መኪና ተፈትና ወስዳለች፤ በፈቃዱም ላይ 78 የሚል ቁጥር ተጽፏል። አሁን በራሷ ገንዘብ ያገለገለ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በማኑዋል መግዛት ትፈልጋለች። መንዳት ትችላለች? ለጀማሪስ ይህ መኪና አይከብዳትም?

መልስ፦ ፈቃዱ ላይ 78 እስካለ ድረስ በጀርመን ማኑዋል መንዳት አትችልም፤ ቢገኝባት ያለ መንጃ ፈቃድ እንደ መንዳት ይቆጠርባታል። ሆኖም መፍትሔው ቀላል ነው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ በማሽከርከር ትምህርት ቤት ቢያንስ 10 የማኑዋል ትምህርት ክፍለ ጊዜዎችን፣ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሆኑ፣ ወስዳ በመጨረሻ ቢያንስ የ15 ደቂቃ የሙከራ ጉዞ ከአስተማሪዋ ጋር ካደረገች፣ ዳግመኛ በመንግሥት ፈታኝ ሳትፈተን 78ቱ ተነሥቶ 197 የሚለው ቁጥር ይጻፍላታል። መኪናውን ከመግዛቷ በፊት ይህን ትጨርስ፤ አለበለዚያ መኪናው በር ላይ ቆሞ እንድትጠብቅ ትገደዳለች፤ ወጣት ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለውን መታገሥ ይከብዳታል።

ስለ መኪናው ሲታይ፣ ለመማር ከዚህ የተሻለ የስፖርት መኪና ማሰብ ይቸግረኛል። ኤምኤክስ-5 ከ1989 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፣ ከ2015 ወዲህ ያለው አራተኛው ትውልድ ክብደቱ ከ1 ሺህ 100 ኪሎ ግራም ብዙም የማይርቅ፣ ፍሪሲዮኑ ቀላል፣ የማርሽ እጀታውም አጭርና ወደ ቦታው በግልጽ የሚገባ መኪና ነው። ልጅዎ መጀመሪያ ማድረግ ያለባት ይህ ነው፦ ባዶ በሆነ ደልዳላ ሜዳ ላይ 1ኛ ማርሽ አስገብታ ነዳጅ ምንም ሳትነካ ፍሪሲዮኑን በጣም በዝግታ ትልቀቅ። በአንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ይልና መኪናው በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ያን ቦታ እግሯ እስኪያውቀው ድረስ ትደጋግመው። ነዳጅ መጨመር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኛው ሰው መኪናው የሚጠፋበት ነዳጅ ስለሚያንሰው ሳይሆን ፍሪሲዮኑን በዚያች ቦታ ላይ ሳያዘገይ ስለሚለቅ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። አንድ ነጋዴ የ2021 ሸቭሮሌት ኮርቬት በማኑዋል ካምቢዮ ከአሜሪካ ሊያስመጣልኝ እንደሚችል ነግሮኝ ቀብድ ጠይቆኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቀብዱን አይስጡ። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሚሠራው፣ ሞተሩ ከነጂው ጀርባ የሆነው ኮርቬት ከፋብሪካው በማኑዋል ወጥቶ አያውቅም፤ ያለው ባለ 8 ማርሽና ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ብቻ ነው። ማኑዋል ከፈለጉ ከእርሱ በፊት የነበረውን፣ ከ2014 እስከ 2019 ሞዴል ያለውን ይፈልጉ፤ እርሱ ባለ 7 ማርሽ ማኑዋል ነበረው። የእርስዎ መንጃ ፈቃድ ለአውቶማቲክ ብቻ የተሰጠ መሆን አለመሆኑንም አስቀድመው ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፤ የምነዳው አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ በማኑዋል ነው። የስፖርት መኪና የመግዛት ሕልም አለኝ፤ ነገር ግን በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ወደፊት የማገኘው ኤሌክትሪክ ብቻ እንደሆነ ይሰማኛል። የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና ማርሽ ይኖረዋል? ማኑዋል የመንዳት ችሎታዬስ ዋጋ ያጣል?

መልስ፦ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ ይህን ውሳኔ ካስታወቀ ወዲህ ብዙ አንባቢዎች ተመሳሳይ ስጋት ገልጸውልናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ በደቂቃ ከ15 ሺህ ዙር በላይ መዞርም ይችላል። የነዳጅ ሞተር ብዙ ማርሽ የሚያስፈልገው ጉልበቱ በጠባብ የዙር ክልል ውስጥ ብቻ ስለሚገኝ ነው፤ ያ ችግር ከሌለ አንድ ቋሚ ማርሽ ይበቃል። ከዚህ ወጣ ካሉት አንዱ ፖርሽ ታይካን ሲሆን፣ በኋላ አክስሉ ላይ ሁለት ማርሽ አለው፤ አንደኛው ለመነሻ፣ ሌላው ለከፍተኛ ፍጥነት፤ መቀየሩን ግን መኪናው ራሱ ይሠራዋል።

ፋብሪካዎቹ ግን ነጂዎች የጎደለባቸውን ነገር ልብ ብለዋል። ሃዩንዳይ በ2023 ባስተዋወቀው አዮኒክ 5 ኤን ላይ ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ ያለ የሚያስመስል ሥርዓት አስገብቷል፤ ከመሪው ጀርባ ያለውን መቀየሪያ ሲነኩ ኮምፒውተሩ ለአንድ አፍታ ጉልበቱን ቀንሶ መኪናውን ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ማርሹን በጊዜው ካልቀየሩም ዙሩ ጣራ ላይ እንደደረሰ ሞተር ጉልበቱን ይገድብብዎታል። ካልፈለጉት ማጥፋት ይቻላል። ቶዮታም በሌክሰስ መኪና ላይ ከምንም ብረት ጋር ያልተያያዘ የማርሽ እጀታና የፍሪሲዮን ፔዳል የገጠመ የሙከራ ኤሌክትሪክ መኪና ሠርቶ ለጋዜጠኞች አስነድቷል።

እንዲህ ያሉ መኪኖችን የማስመሰያ ጨዋታ ናቸው ብሎ የሚያጣጥል ሰው አለ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ነጂው በሥራው ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ ነገር ሁሉ በትኩረት እንዲነዳ ይረዳዋል። የእርስዎ ችሎታም ዋጋ አያጣም፤ ከፊት ያለውን መንገድ አስቀድሞ አንብቦ ማርሽ መምረጥን የለመደ ሰው፣ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ እግርን ከፔዳል በማንሣት ብቻ መኪናውን ማዝገምና ያንን ኃይል ወደ ባትሪ መመለስን ከሌላው ቀድሞ ይለምደዋል፤ ሁለቱም የሚጠይቁት ያንኑ አስቀድሞ ማየት ነውና። ለጊዜው ዲኤክስዎን አይሽጡ፤ የፍሪሲዮን ፔዳሉ ከወለሉ በጣም ርቆ ከፍ ካለ በኋላ ብቻ መያዝ ከጀመረ ግን ሸራው ሳያልቅ አይቀርምና ቮላኖውን (ሸራው የሚያርፍበትን የሞተሩን ክብ ብረት) ሳይፍቀው ለመካኒክ ያሳዩት።